ጣራ የሌለው ፋሲካ

መጋቢት 26 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ አክስቴ ውብነሽ ስታርፍ የአውድማዋ ካብ አላለቀም ነበር። በጉና ተራራ በኩል ያለው ግድግዳ ደረት ድረስ ወጥቷል። በገደሉ በኩል ያለው ወገብ ይደርሳል። ሦስተኛው፣ በቤቷ በኩል ያለው፣ ከጉልበት በታች ቀርቷል፤ ለእሱ የለቀመችው ድንጋይ ከሥሩ እንደተከመረ ነው። በአርባዋ ላይ አንድ የደብሩ ሰው ካቡን እያሳየ «ምስኪን፣ በረት ልትሠራ አስባ ነበር» ሲል ሰምቻለሁ። ስሕተት ነው። ውብነሽ ካቡን የጀመረችው በፋሲካ ቀን ወንድሞቿን ነፋስ እንዳይመታቸው ነው። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት ያንን ለማረም ነው።

ቤቷ ከንፋስ መውጫ በላይ፣ ጉና ሥር፣ ከገብስ በቀር ብዙ እህል የማይደፍረው ቦታ ላይ ነው። እዚያው ተወልዳ በልጅነቷ ሞቅ ወዳለው ስማዳ፣ ወገዳ አካባቢ ተዳረች። ባሏ ሲሞት ልጅ አልነበራቸውምና ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ሰው ብርዱን ሲያማርርባት «ሙቀቱንም አግብቼ አይቼዋለሁ፤ አልከረመልኝም» ትል ነበር።

እናታቸው በሕይወት ሳሉ የቤተሰቡ ፋሲካ የሚዋለው በእሳቸው ቤት ነበር። ሲሞቱ ለውብነሽ ቤቱንም ፋሲካውንም አወረሷት። «ቤቱን ከፈለግሽ ለሰው ስጪው፤ ፋሲካውን ግን አትስጪ» ብለዋት ነበር ይባላል። ይህን የሰማሁት ከራሷ ብቻ ነው።

ሁለት ወንድሞች ነበሯት፤ አለበል ታላቋ፣ ማሩ ታናሿ። ማሩ አባቴ ነው። እዚህ ግን በስሙ እጠራዋለሁ፤ አንዱን አባቴ፣ ሌላውን አጎቴ እያልኩ ብጽፍ ሚዛኑ ወደ እኛ ቤት ያጋድላል።

ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ነበራቸው። ባለ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ይቀናጁ ነበር። አንድ ቀን በሬዎቹ ተጠምደው የአለበልን መሬት ያርሳሉ፣ በማግስቱ የማሩን። በ1950 ዓ.ም. በሰኔ ሚካኤል ዕለት ማሩ ሁለቱንም በሬዎች ነድቶ ወጣ። አለበል እንደሚለው በበዓል ሊያርስ፤ ማሩ እንደሚለው ሣር ሊያስግጥ። ቀንበር ትከሻው ላይ እንደነበር ግን ሁለቱም አይክዱም። ዝናብ ባላላው ገደል አፍ ላይ የአለበል በሬ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እግሩ ተሰበረ፤ እዚያው ታረደ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበርና ሥጋው ለቋንጣ ተዘለዘለ።

ዝናቡ ሲበረታ ሁለቱም የተጠለሉት ውብነሽ ቤት ነው።

«በዓል ሽረህ በሬዬን ገደልክ!» አለ አለበል።

«በሬህ ድሮም አንካሳ ነበር፣ አያ» አለ ማሩ። አያ የሚለው ታላቁ ስለሆነ ነው።

«እንግዲያ ሦስት ዓመት እንጀራ ያበላህ አንካሳ ነው!»

ከዚያ አለበል እጁን ወደ ጣራው አንሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ካንተ ጋር ባንድ ጣራ ሥር ብቀመጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ። ማሩም «እኔም ብቀመጥ!» አለ። መሐላው በአፋቸው ሳይደርቅ ሁለቱም እኩል ወደ በሩ ሮጡና ደፉ ላይ ተጋጩ። ውብነሽ ይህን ስትተርክ ሁልጊዜ የምትስቀው እዚህ ላይ ነበር።

የበሬውን ቆዳ የሚወስደው ጠፋ። አለበል «የገደለው ይውሰደው» አለ፤ ማሩ «የባለቤቱ ነው» አለ። በመጨረሻ ውብነሽ ራሷ አልፍታ ጀንዲ አደረገችውና መደቧ ላይ አነጠፈችው። ጥሩ ቆዳ ነበር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሕይወት መሐላውን ለመፍታት አልሰነፉም። «ኑና ተናዘዙ፤ ቀኖና እሰጣችኋለሁ፤ ይፈታል» አሏቸው። አለበል «እሱ ይቅደም፤ በዓል የሻረው እሱ ነው» አለ። ማሩ «እሱ ይቅደም፤ መጀመሪያ የማለው እሱ ነው» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ችግሩም እሱ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ጣራ ስላላት አለበል ከውስጥ ሲያስቀድስ ማሩ በቅጥሩ ካለው ጽድ ሥር ይቆም ጀመር። ውጭ ቆሞ የሚያስቀድስ ብዙ ነውና እንግዳ ሰው ልብ አይለውም።

ፋሲካ ሲቃረብ ውብነሽ ወደ ቄሱ ሄደች።

«አባ፣ ሲምሉ ቆሜ ሰምቻለሁ» አለቻቸው። «ያሉት ጣራ ነው። አውድማ አላሉም።»

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «እሱስ አላሉም። ግን ልጄ፣ ብርዱስ?»

«ብርዱ አልማለም።»

እንዲህ ሆኖ ነው የቤተሰባችን ፋሲካ ደጅ የወጣው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ወንድሞቿ በእናታቸው ቤት፣ ባንድ መደብ ተቀምጠው ሳታይ እንዳትሞት። ለዚህ ስትሳል ሰምቻታለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ማዕዱ እንዳይቋረጥ ቆረጠች፤ ዓመት የዘለለ ቤተሰብ ሁለተኛውን ዓመት አይፈራውም ትል ነበር።

በሚያዝያ ጉና ሥር ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። በየቤቱ ጾም የሚፈታው ዶሮ ሲጮህ ነው፤ ውብነሽ ግን የቤተሰቡን ማዕድ የምታቀርበው ፀሐይ አውድማውን ስትረግጥ ነበር። አውድማ ደግሞ የሚሠራው ነፋስ ባለበት ነው፤ ነፋስ ከሌለ ምርቱ ከገለባው አይለይም። እህል የሚያነፍሰው ነፋስ ሰውን አይምርም። ስለዚህ በጉና በኩል ገለባ ትከምራለች። መሐል ላይ የአስታ ጉቶ ታነድዳለች። የወንዝ ድንጋይ እሳት ውስጥ ከትታ ታግለውና በጨርቅ ጠቅልላ ከየሰዉ እግር ሥር ታስቀምጣለች። የዶሮውን ድስት እስከ አንገቱ ትኩስ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ያለዚያ ቅቤው ከሳሕኑ ጠርዝ ይረጋል። ነፋሱ እንጀራውን እንዳይገለብጠው ታጥበው የደረቁ ጠጠሮች በየጫፉ ታስቀምጥ ነበር። እኛ ልጆቹ ጠጠር የሌለበት መሶብ ያየነው አድገን ነው። የእኛ ቤት ሰው በድግስ ላይ ፈጥኖ ይበላል ተብሎ ይታማል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በመንገድ የሚያልፍ ጎረቤት «እነ ውብነሽ! ቤታችሁ ተቃጠለ እንዴ?» ይላል።

«አልተቃጠለም። ግባና ጥቂት ቅመስ!»

«የት ነው የምገባው?»

የአለበል ሚስት ዘርፌ ብርድ አትወድም። «ሰው ሁሉ ዛሬ ከሱባዔ ይወጣል፤ እኛ እንገባለን» ትል ነበር የሱፍ ባናዋን እየተከናነበች።

«ባልሽ ምላሱን ቢሰበስብ ኖሮ ዛሬ ምድጃ ዳር ነበርሽ» ትላታለች ውብነሽ። «ይልቅ ብዪ፣ ሳይረጋ።»

ወንድማማቾቹ ከእሳቱ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ቃል አይለዋወጡም። የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው።

«ውብነሽ፣ ለዚያ ሰውዬ ጠላ ቅጂለት፤ ከንፈሩ ደርቋል» ይላል አለበል።

«እቴ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ የኔ ከንፈር በብርድ ነው፣ የሱ በክፋት ነው» ይላል ማሩ።

«ለሁለታችሁም ነግሬያችኋለሁ» ትላለች እሷ፣ እየቀዳች።

ባንድ ድምፅ የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቄስ ገብረ ሕይወት ማዕዱን ባርከው የትንሣኤውን ሰላምታ ሲጀምሩ መመለስ ግዴታ ነው። እሳቸው «ሰላም» ሲሉ ሁለቱም «እምይእዜሰ» ይላሉ፤ እሳቸው «ኮነ» ሲሉ ሁለቱም «ፍሥሐ ወሰላም» ይላሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። ይህን ይሉና እንደገና ይኮራረፋሉ።

በ1957 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 17 ቀን ነው። የዚያን ዕለት እኔ በትምህርት ምክንያት አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የምጽፈው ውብነሽና ዘርፌ ለየብቻ የነገሩኝን ነው፤ በዋናው ነገር አይለያዩም። ሰላምታው እንዳለቀ ጉና ጠቆረ። ወዲያው ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደ። ሴቶቹ መሶቡን አነሡ፣ ቄሱ ሳሕናቸውን ይዘው ሮጡ፣ ሁሉም ቤት ገባ። አውድማው ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች ቀሩ።

ቀድሞ የሚገባ መሐላውን አያፈርስም፤ ውጭ መቅረት ያለበት ሁለተኛው ነው። እዚያ ቆመው የተጨቃጨቁት ውጭ የሚቀረው እኔ ልሁን በሚል ነበር።

«ግባ» አለ አለበል። ከዚያ ሰኔ ወዲህ በቀጥታ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«አንተ ግባ።»

«ደረትህ ደካማ ነው። ስትስል ነው ያደግኸው። ግባ ብያለሁ!»

«አንተ ደግሞ በራ ነህ። በረዶው ጭንቅላትህ ላይ ሲነጥር አይታይህም?»

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ውብነሽ አልሳቀችም። መደቧ ላይ ያለውን ጀንዲ ገፍፋ ወጣችና በሁለቱም ራስ ላይ ዘረጋችው። አጭር ስለነበረች በእግሯ ጣት ቆማ ነው። ሳያስቡት አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጠርዙን ያዙላት። በረዶው ቆዳውን ይደበድበው ጀመር።

ዘርፌ ከበሩ ላይ ጮኸች። «አባ! ይህስ ጣራ አይደለም እንዴ?»

ቄሱ ጉርሻቸውን እንደያዙ ወጣ ብለው በጥንቃቄ ተመለከቱ። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይፈረድም።

«ጣራስ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «በሬ ነው።»

አለበል ቀና ብሎ አየ። የጀንዲው ጠጉር ባልረገፈበት ቦታ ላይ የዳማ በሬው መልክ ነበር።

«የኔው ነው?»

«ያንተው ነው፣ አያ» አለች ውብነሽ። «አጥብቀህ ያዘው፤ እኔ እጄ ዝሏል።»

«አንካሳ አልነበረም» አለ ማሩ፣ ወደ መሬት እያየ።

«አውቃለሁ» አለ አለበል። «በሬዬ ነበር እኮ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ይነጋገሩ ጀመር። ለክረምቱም አለበል ሌላ በሬ ገዝቶ እንደገና ተቀናጁ። ጣራው ግን ቀረ። ጀንዲው ጣራ አይደለም ተብሎ ተፈርዷል፤ ጣራ ካልሆነ መሐላው አልተነካም፤ መሐላው ካልተነካ ደግሞ አሁንም «እሱ ይቅደም» ነው። በዚህ ሁለቱም ተስማምተው ስለነበር ውብነሽ የምትይዘው አጣች። ቄሱም የዚያን ዕለት ጀንዲውን ተከናንበው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ለመመለስ አልቸኮሉም፤ ገብስ ያሰጡበት ጀመር። በተገናኙ ቁጥር «አባ፣ በሬያችን እንዴት ነው?» ትላቸዋለች። «ደኅና ነው፤ እህል ይጠብቃል» ይሏታል።

በ1960 በፋሲካ ማግስት አለበልን ብርድ መትቶት ሰነበተ። ውብነሽ ካቡን የጀመረችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ለየብቻቸው ጠርታ «ካብ ነው፤ ጣራ አላወጣለትም» ብላ አሳወቀቻቸው። ሁለቱም ሊያግዟት መጡ፤ ግን አንዱ የካበውን ሌላው እያፈረሰ ስላስቸገሯት አባረረቻቸው። ከማሳ ስትመለስ አንዳንድ ድንጋይ እያመጣች ብቻዋን ትክብ ነበር። የዘገየው በዚህ ነው።

በ1962 ሁዳዴ ሳይጋመስ ደረቷን ያዛት። ዘርፌ አስታማሚ ሆና ገባች። ወንድሞቿ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ አንዱ ከውስጥ ሲቀመጥ ሌላው ባናውን ተከናንቦ ዝቅተኛው ካብ ላይ ተራውን ይጠብቃል። የመጨረሻውን ሳምንት የነገረችኝ ዘርፌ ናት። አለበልንና ማሩንም ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አንድ ዓይነት ነገሩኝ።

የዝናብ ቀን ነበር። አለበል መደቡ ላይ፣ ጀንዲው ላይ ተቀምጧል። ጀንዲው ያኔ ተመልሶ ነበር፤ እንዴት እንደተመለሰ ከታች እጽፋለሁ።

«ማሩ የት አለ?» አለች ውብነሽ።

«ካቡ ላይ ነው» አለች ዘርፌ።

«በየትኛው በኩል?»

«በቤቱ በኩል።»

«እሱ ገና ነው። ነፋስ አይመልስም።»

አለበል እንደ ልማዱ ተነሣ። ውብነሽ የጋቢውን ጫፍ ያዘች።

«የት ነው?»

«ልውጣለትና ይግባ።»

«ቁጭ በል፣ አያ። ሁልጊዜ አንዳችሁን ብቻ ነው የማየው።»

አለበል አልተቀመጠም፤ አልወጣምም። ሄዶ ደፉ ላይ ቆመ።

«ማሩ፣ ግባ።»

«አንተ ውጣ እንጂ፣ አያ።»

«አልወጣም። ግባ።»

«መሐላውስ?»

«መሐላውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ቀኖናውንም ቀድሜ እጠይቃለሁ። ግባ በቃ፤ በሩን ከፍቼ ብርድ አስገባሁባት።»

ማሩ ገባ። ከባናው ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ቆመ፤ ያን ቤት ረስቶት አይደለም፤ ወንድሙ ባለበት የት ይቀመጥ እንደነበር ነው የረሳው። አለበል ጠጋ አለለት። ጀንዲው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውብነሽ ትራሷን ከፍ አስደርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ዘርፌ ትልቅ ነገር የምትናገር መስሏት ጠጋ አለች።

«ማሩ» አለች ውብነሽ፣ «ባናህን አውልቅ፤ ጀንዲው ይረጥባል።»

ከዚያ ወዲያ እስክታርፍ ድረስ አንዳቸውም ካቡ ላይ አልተቀመጡም። ቄስ ገብረ ሕይወት ዘንድ አለበል ቀድሞ፣ ማሩ ተከትሎ ተናዘዙ፤ ቀኖናቸውንም ፋሲካ ሳይደርስ ፈጸሙ።

ለፋሲካ እኔ ደርሻለሁ። ሚያዝያ 18 ቀን ፀሐይ አውድማውን ስትረግጥ ዘርፌ መሶቡን አንሥታ፣ ማንም ሳያዛት፣ ወደ ደጅ አወጣችው። ሁላችንም ተከትለን ወጣን። እሳት አልነደደም፤ ድንጋይ ያጋለም የለም። ያን የምታስበው ውብነሽ ነበረች። ነፋሱ የእንጀራውን ጫፍ ሲያነሣው ዘርፌ ጠጠር ለመፈለግ ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

«ቆይ» አለች፣ «አሁንስ ጣራ አለን አይደል?»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ከዚያ አለበል በአንድ በኩል፣ ማሩ በሌላው መሶቡን ይዘው ወደ እናታቸው ቤት መለሱት። ካቡን የጨረሰው የለም። አለበል ድንጋዩን ለበረቱ ሊወስደው አስቦ ነበር፤ ማሩ «ይቀመጥ» አለው፤ ተቀምጧል።

አሁን የጀንዲውን ነገር ልጻፍ። ውብነሽ በእግሯ ሄዳ የፈጸመችው የመጨረሻ ጉዳይ እሱ ነው። መጋቢት 10 ቀን፣ የመስቀል በዓል ነበርና ካስቀደሰች በኋላ ዘርፌን አስከትላ ወደ ቄስ ገብረ ሕይወት ቤት ጎራ አለች። ማታውን ያስላት እንደነበር ዘርፌ አስተውላለች፤ ከባድ መሆኑን ግን ማንም አላወቀም።

«አባ፣ በሬዬን ልወስድ መጥቻለሁ።»

«ገብስ አለበት እኮ፣ ልጄ።»

«ገብሱን እገለብጥልዎታለሁ። ለፋሲካ ጠላ ብቅል የማሰጣበት አጣሁ።»

ገብሳቸውን አፍሳ ቁና ሞላችላቸው፤ የቀረውን ጥግ ላይ ከመረችው። ጀንዲውን ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸከመች። ዘርፌ ልቀበልሽ ብትላት «ምን ይከብዳል? የሞተ በሬ ነው» አለቻት። ዳገቱን በነፋሱ ውስጥ ወጥተው ቤቷ ሲደርሱ ጉም ወርዶ ነበር፤ ለብቅል የሚሆን ፀሐይ አልነበረም። ውብነሽ ጀንዲውን ደጅ ላይ አራገፈችው፤ ከቄሱ ገብስ ጥቂት ረገፈ። ከዚያ ፀሐይ እስኪወጣ ብላ መደቡ ላይ አነጠፈችው።